ጠብቁ፣ ይመጣል ያልኳችሁ ነገር

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። እሷም አሁን አስተማሪ ሆናለች። ቪዲዮው ላይ አምስት ስድስት ልጆች አንድ ስልክ ከበዋል። ስክሪኑ ላይ ገመድ አለ። አንዱ ልጅ ጫፉን በጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሰው ሞገዱ ይሄዳል፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይደርስና ተገልብጦ ይመለሳል። ልጆቹ ይጮሃሉ። ከስር "ቲቸር፣ ጠብቁ ያሉን ነገር መጣ ሃሃሃ" ብላ ጽፋለች።

ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ፤ በተለይ የ2003 ባቾች አንብቡት።

2003 ዓ.ም. ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነው። ዘጠነኛ ክፍል፣ ፊዚክስ። አንድ ጓደኛዬ ፌት የሚባሉትን የፊዚክስ ማሳያዎች በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ሰጠኝ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፕሮጀክት ነው፣ በነጻ ነው የሚሰጠው። ፔንዱለሙን ታወዛውዛለህ፣ ስፕሪንግ ላይ ክብደት ትሰቅላለህ፣ ገመዱ ላይ ሞገድ ትልካለህ። ካልገባህ ታቆመውና እንደገና ትጀምራለህ።

እኔ ደግሞ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ ማንንም አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። አንተ እስክሪብቶህን ሳታነሳ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ተማሪው ራሱ የሚያቆመውና የሚመልሰው ነገር ሳይ ተአምር ነው የመሰለኝ።

ላፕቶፕ ተውሼ ክፍል ይዤ ገባሁ። ሰባ ምናምን ተማሪ፣ አንድ ላፕቶፕ። ግርግር ሆነ። መጨረሻ ላይ ይህቺው ልጅ ከኋላ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ በሞባይል አይሰራም?" አለችኝ።

እንደማይሰራ አስረዳሁ። ብሮውዘር ብቻውን ይህን ማጫወት ስለማይችል ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ የዚህኛው ፕለጊን ፍላሽ ይባላል፣ ስልኮቻችን ላይ ፍላሽ የለም አልኩ። ይሄኔ አንዱ ብድግ አለና "ቲቸር፣ ፍላሽ እኔ ጋ አለ፣ ባለ 2 ጊጋ!" አላለም መሰላችሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅኩ "ጠብቁ፣ ይመጣል። አሥረኛ ክፍል ሳትደርሱ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ" አልኳቸው።

ዝም ብዬ ከመሬት ተነስቼ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 አዶቤ ፍላሽ 10.1ን ለአንድሮይድ 2.2 አውጥቶ ነበር። አይፎን ከ2007 ጀምሮ ፍላሽን አላስገባም እንዳለ ነው። ስቲቭ ጆብስም በዚያው 2010 ሚያዝያ ላይ ምክንያቱን በግልጽ ደብዳቤ ጽፏል፦ ባትሪ ይጨርሳል፣ የደህንነት ችግር አለበት፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፣ የተሠራውም ለማውስ እንጂ ለጣት አይደለም የሚል። እኔ በወቅቱ የአዶቤ ደጋፊ ነበርኩ። የኳስ ቡድን ያለኝ ነው የሚመስለው።

በ2004 አጠራቅሜ አንድ ርካሽ አንድሮይድ ገዛሁ። በዋናነት ለዚሁ ብዬ ነው። ፍላሽ ልጭን ስል ስልክህ አይደግፈውም አለኝ። በኋላ ሳጣራ ፍላሽ የሚፈልገው ኤአርኤም ቪ7 የሚባለውን ፕሮሰሰር ነው፣ የኔው ቪ6 ነው። ማለትም ፍላሽ ለአንድሮይድ መጣ ሲባል ለውዶቹ ስልኮች ነበር የመጣው። እኔ ግን አፕዴት ይስተካከላል ብዬ መጠበቅ ቀጠልኩ። ለካ አዶቤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2011 ላይ የሞባይል ብሮውዘሩን ፍላሽ ማልማት አቆምኩ ብሎ አውጇል። በነሐሴ 2012 ደግሞ ከጉግል ፕሌይ አወረደው። የአንድሮይዱ ክሮም ጭራሽ ተቀብሎት አያውቅም። የማይመጣ እንግዳ ነበር የምጠብቀው።

የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ዜናውን ከሰማሁ በኋላም ለተማሪዎቼ "ይመጣል" ማለቴን አላቆምኩም። ለምን መሰላችሁ? ይመቸኛል። ሞገድን በቦርድ ላይ መስመር ስዬ አልፈውና "ትክክለኛውን መሣሪያ ስናገኝ በደንብ ታዩታላችሁ" እላለሁ። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆነ፣ እኔ ነጻ ወጣሁ።

በ2005 አንድ ቀን ላፕቶፕ ይዤ ገባሁ፣ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የሞተ ነው። ተናድጄ ስወጣ የግቢው ዘበኛ የሚያስሩበት ረጅም ገመድ በር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጋሼን አስፈቅጄ ወሰድኩትና አንዱን ጫፍ በሩ እጀታ ላይ አሰርኩት፣ ሌላውን ለአንድ ተማሪ ሰጠሁት። "አንዴ ብቻ ወደ ላይ ነቅነቅ አድርገው" አልኩት። ሞገዱ ሄደ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ተገልብጦ ተመለሰ። "ቲቸር ድጋሚ! ቲቸር እኔ!" ሆነ። ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው እንደሚፈጥን፣ ላላ ሲያደርገው እንደሚዘገይ ራሳቸው ደረሱበት። እኔ አንድም ፎርሙላ አልጻፍኩም።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ገመዱ በ2003ም እዚያው በር ላይ ነበረ እኮ።

ፍላሽም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በኮምፒውተርም ቢሆን እ.ኤ.አ. 2020 ማብቂያ ላይ ድጋፉ ተቋረጠ፣ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ አላጫውትም አለ። የኔ አፕዴት የተደረገው ላፕቶፕ እምቢ ሲል፣ ኢንተርኔት አይተው የማያውቁት የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ምንም ሳይሰሙ ማጫወታቸውን ቀጠሉ። አለመስማትም አንዳንዴ ይጠቅማል። የጠበቅነው ነገር የመጣው በሌላ በር ነው፤ ኤችቲኤምኤል 5 በሚባለው አሠራር ብሮውዘሩ ራሱ፣ ያለ ምንም ፕለጊን፣ ማጫወት ቻለ። የፌት ሰዎችም ማሳያዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ሠሯቸው። ልጅቷ የላከችልኝም ከነዚያ አንዱን ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት ጻፍኩላት። "ያኔ ገመድ ላመጣላችሁ ስችል በፍላሽ አሳበብኩ" አልኳት። መልሷ ይኸው፦ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ያኔ በሞባይል ይሰራል ወይ ያልኩት ከኋላ ስለነበርኩ ምንም ስላላየሁ ነው። ለዚህ ነው እኔ በቡድን ከፍዬ በተራ የማሳያቸው።"

አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ስለ ቴክኖሎጂ የጠየቀችኝ ነበር የመሰለኝ። እሷ የጠየቀችኝ ስለ መቀመጫዋ ነው። ቀና ብዬ ከኋላ ያሉት ያያሉ ወይ ብል ኖሮ መልሱን ለማግኘት ማንም ኩባንያ አያስፈልገኝም ነበር።

ለምታስተምሩ ጓደኞቼ፦ የፌት ማሳያዎች አሁን ስልክ ላይ ይሠራሉ። ኔትወርክ ለሌላችሁ ደግሞ ፋይሉን አንዴ አውርዳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል። እስከዚያ ግን ገመድ አለ። ከማሳየታችሁ በፊት የኋላውን ወንበር ሄዳችሁ ተቀመጡበት።

የ2003 ልጆቼ፣ ይቅርታ። ሌላም "ጠብቁ" ያልኳችሁ ነገር ካለ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ምናልባት እሱም እዚያው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል።