ፎጣ አንድ፣ አንሶላ ሁለት፦ የቂሊንጦ አዳር ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከቤት ስወጣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ እንደከበደ ነው፣ ግን አልዘነበም። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቃሊቲ በሚኒባስ 25 ብር፣ ከቃሊቲ ቂሊንጦ ደግሞ በሌላ ታክሲ 15 ብር ከፈልኩ። መንገዱ ቢበዛ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳሪስ ላይ የጭነት መኪኖች ተጋፍተው ስለቆሙ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ አሁንም ሳሪስ ነበርን።

ጉዳዬ ቀላል ነው። የእህቴ ልጅ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ነገ በጠዋት ፍራሿንና ሻንጣዋን ይዛ ከግቢ ስለምትወጣ የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋታል። ከከተማው ማዶ ተነስቶ በዚያ ሰዓት መድረስ አይታሰብም፣ ስለዚህ እዚያው ላድር ወሰንኩ። በሆዴ የያዝኩት ሌላ ነገርም ነበር። ከሳምንት በፊት ባለቤቴ ቁም ሳጥን ስታጸዳ አንድ ነጭ ፎጣ መዝዛ "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ክር የሆቴል ስም ተጠልፎበታል። ከዓመታት በፊት ለሥልጠና ሄጄ ያደርኩበት ሆቴል ነው። እርጥብ ልብሴን ጠቅልዬበት ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ቤት ስደርስም ልመልሰው አላሰብኩም። እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። እንግዳ ካደረበት ክፍል ምን ምን ይዞ ይሄዳል? የሄደውንስ ዕቃ ማን ይከፍላል?

ቃሊቲን አለፍ እንዳልን የብቅል ሽታ ታክሲው ውስጥ ገባ፣ ሞቅ ያለ፣ ገብስ የሚቆላበት ቤት የገባን ያህል። ዋልያ ቢራ የሚጠመቅበት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የሄኒከን ፋብሪካ ነው። ከዚያ ሜዳው ይገለጣል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ጫማ ይዞ ያስቀራል። በአንድ ወገን የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲሰባሰቡበት የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር፣ ራቅ ብሎ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች፣ በመሃሉ ደግሞ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው። ረዳቱ "ማረሚያ ቤት ወራጅ!" ብሎ ሲጣራ አራት ሴቶች ፌስታልና አገልግል ይዘው ወረዱ፣ ታክሲው ውስጥ የነበረው ጨዋታ ለአፍታ ቆመ።

ፔንሲዮኑ ከኮብልስቶኑ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። "አልጋ አለ?" አልኩ። በእኛ አገር የሚጠየቀው ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው፤ አልጋ ይያዛል፣ አልጋ ይለቀቃል። ቤርጎ የምንለውም ከጣሊያኖች አልቤርጎ አፋችን ላይ የቀረ ቃል ነው። ሪሴፕሽን ላይ የተቀመጠው ወጣት መታወቂያዬን ተቀብሎ ስሜን በትልቅ መዝገብ አሰፈረ፣ ለአዳር 600 ብር፣ ለሪሞት መያዣ ደግሞ 100 ብር ተቀበለኝ። መያዣው ጠዋት ይመለሳል። ቁልፉ መዳፍ ከሚያህል እንጨት ጋር በሽቦ ታስሯል፣ ኪስ አይገባም።

ክፍሌ 14 ቁጥር ነው። አልጋው ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ፎጣው ላይ በማርከር "14" ተብሎ ተጽፏል፣ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆኗል። ብርድ ልብሱም ጥግ ላይ ያው ቁጥር አለ። ኮመዲኖው ላይ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ሳሙና፣ አንድ ሶፍት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ያስገረመኝ ከአልጋው ሥር ያለው ነጠላ ጫማ ነው። የቀኙ ቀይ፣ የግራው ሰማያዊ፣ የሁለቱም ተረከዝ በቢላ እየተሸረፈ ተቆርጧል። በስህተት መስሎኝ ኮሪደሩን አየሁ። ከጎረቤቴ ደጃፍም አንድ አረንጓዴና አንድ ቡናማ ተቀምጧል። ምክንያቱ አልገባኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፣ የግቢው ቆርቆሮ ስለሚጮህ ሰው ለማነጋገር መጮህ ያስፈልግ ነበር። የሰኔ ጾም ስለገባ ማዕድ ቤቱ ያለው በያይነቱ ብቻ ነው፣ 150 ብር። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ ምስሩ ጨው በዝቶበታል።

ዝናቡ ሲያባራ አልጋ አንጣፊዋ በረንዳው ላይ ቡና አፈላች፣ "ና ጋሼ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ" ብላ ጠራችኝ፣ አንተና እርስዎ እየቀላቀለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። እዚህ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ሁለተኛውን ስኒ ስንጀምር ስለ ጫማው ጠየቅኳት።

"አንድ ዓይነት ካደረግነው በሳምንት ያልቃል" አለች። "እንዲህ ከሆነ ግን ማን አድርጎት መንገድ ይወጣል?"

"ታዲያ አሁን አይጠፋም?"

"ይጠፋል። አንዳንዴ አንድ እግር ብቻ።"

"አንድ እግር ምን ይሠራል?"

"እኔም እስካሁን አልገባኝም፣ ጋሼ።"

ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ዘረዘረችልኝ። ከሁሉ የሚብሰው ፎጣ ነው። ቀጥሎ የሪሞት ባትሪ፣ ሪሞቱ መያዣ ስላለው ይቀራል፣ ባትሪው ግን ወጥቶ ይሄዳል። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ለባትሪ መብራታቸው ይወስዱታል ትላለች። አምፖል። የትራስ ልብስ፣ ለስንቅ መቋጠሪያ ስለሚመች። ቁልፍ የሚወስድ ሰው ሌባ አይደለም፣ ይረሳዋል እንጂ፤ ግን ጉዳቱ እሱ ይበልጣል፣ የበሩ ጋን ሊቀየር ነው። የተማሪ ወላጆች ምንም አይነኩም አለች፣ አልጋውን ራሳቸው አንጥፈው የሚሄዱ አሉ። ይህን ስትል ድምፅዋ ተለወጠ፣ ደስ ይላታል።

አንሶላ የጠፋባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ንጋት ላይ አንዲት ልጅ ሕፃን ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ አየቻት፤ ሕፃኑ የተጠቀለለበት አንሶላ የ9 ቁጥር ነው። "ብርድ ነበር" አለችኝ። "አየኋት፣ አየችኝ፣ ዝም አልኩ።" በወሩ መጨረሻ 400 ብር ከደመወዟ ተቆረጠ። ደመወዟ 3,000 ብር ነው። ፎጣ ሲጠፋ 250 ይቆረጣል።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለውን ፎጣ ነው። ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ያኔ አንጣፊዋ ማን ነበረች?" አለች። አላውቅም። ፊቷን እንኳ አይቼ እንደሆነ አላስታውስም።

የምችለው እሱን ስለመሰለኝ ስለ ሕጉ አወራኋት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ በዘፈቀደ መቁረጥ አይችልም፤ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሚቆረጠውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። በጥሞና ሰማችኝ። "ፈርሜያለሁ፣ ጋሼ" አለች። "ስቀጠር ወረቀት ሰጥተውኝ ፈርሜያለሁ።" ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም። ሦስተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ውሻ ይጮሃል፣ ወደ አዳማው የፍጥነት መንገድ የሚያቀኑ ከባድ መኪኖች ከሩቅ ያጓራሉ። ያነበብኳቸው ነገሮች መጡብኝ። ሆሊዴይ ኢን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ፎጣ የወሰዱ ደንበኞቹን ሁሉ ለአንድ ቀን ምሬያለሁ ብሎ አውጆ ነበር፣ በዓመት ከ500,000 በላይ ፎጣ ይጠፋብኛል ሲል። ሆኖሉሉ ያለ አንድ ሆቴል ደግሞ ፎጣዎቹ ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ መለያ ሰፍቶባቸው፣ በወር 4,000 ይጠፋበት የነበረውን የዋና ገንዳ ፎጣ ወደ 750 ዝቅ አድርጎታል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጽፎ ነበር። ፎጣ በሁሉም አገር ይሄዳል ማለት ነው። ባለ ብዙ ሆቴሉ ድርጅት ግን ምሬያለሁ ለማለት አቅም አለው፣ የ9 ቁጥሯን ልጅ በዝምታ የማረቻት ሴት ምሕረቷን በ400 ብር ገዝታዋለች።

አያቴም ትዝ አሉኝ። በእሳቸው ዘመን በእግር የሚሄድ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል፣ "ቤት የእግዜር ነው" ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ጠዋት ስንቅ ተቋጥሮለት ይሄዳል። እንግዳ ከቤት አንድ ነገር ይዞ መውጣቱ ደንብ ነበር፣ ባዶ እጁን ቢሄድ የሚያፍረው ባለቤቱ ነው። የሚከፈልበት አዳር እኛ ዘንድ አዲስ ነው፣ ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከተከፈተ እንኳ ገና 120 ዓመት ቢሆን ነው። ያ ልማድ እጃችን ላይ ቀርቶ ይሆን እንዴ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ይህን ለራሴ ማመካኛ እንዳላደርገው ፈራሁ። ስንቁን ባለቤቱ ነበር የሚቋጥረው። የእኔን ፎጣ የቋጠረልኝ ሰው የለም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20 ቀን

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ብርድ ነው፣ ጭጋጉ ኮንዶሚኒየሞቹን ሸፍኗቸዋል። ቁልፉን ይዤ ስወርድ አልጋ አንጣፊዋ ከአንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጋር ቆማለች። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት፣ ልጃቸው ማረሚያ ቤት ነው። አልጋ አንጣፊዋ ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ቤት አንዲት ፌስታል አወጣች፣ በወረቀታቸው እንዳሉ ትናንሽ ሳሙናዎች ሞልተዋታል። እንግዶች ሳይከፍቷቸው የተዋቸውን ታጠራቅማለች፣ ማረሚያ ቤት ለሚጠይቁ ትሰጣለች።

"ያስገቡታል?" አልኳት።

"ፈትሸው ያስገባሉ። ሳሙና እዚህም አይቆጠርም፣ ለእንግዳው የተሰጠ ነው።"

አሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ አንድ ድርጅት የሆቴል ሳሙና እየሰበሰበ፣ እንደገና ሠርቶ ለችግረኞች ያከፋፍላል። እዚህ ያንኑ ሥራ የምትሠራው ይህች ሴት ናት፣ በፌስታል። የእኔ ሳሙና ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፣ ሌሊት ዕቃዬን ስሰበስብ እጄ በልማድ ከትቷታል። አውጥቼ ለእናትየዋ ሰጠኋቸው። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ" አሉኝና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሏት።

ከዚያ አልጋ አንጣፊዋ 14 ቁጥር ገብታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረች፣ ሪሴፕሽኑ ከታች እንዲሰማት። "ፎጣ አንድ፣ አንሶላ ሁለት፣ ብርድ ልብስ አንድ፣ ጫማ ጥንድ፣ ሪሞት ከነባትሪው!" 100 ብሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ በር ላይ ፍራሿን በሲባጎ አስራ ትጠብቀኛለች፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት። ለፍራሹ ረዳቱ 50 ብር ጨምሩ አለ፣ ሳልከራከር ሰጠሁት። በማረሚያ ቤቱ በኩል ስናልፍ ሰልፉ ረዝሟል፣ እናትየዋን በዓይኔ ፈለግኳቸው፣ ነጠላ የለበሰው ብዙ ስለሆነ አልለየኋቸውም። ብቅሉ እንደገና ሸተተ። ዝናቡ ቃሊቲ ላይ ያዘን።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ፎጣውን አጠብኩት፣ ገመድ ላይ ሰጥቼው ወደ ሆቴሉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችውን ልጅ ከድሮዎቹ አልጋ አንጣፊዎች እስካሁን ያለች ካለች አገናኚኝ አልኳት።

"ምነው ጌታዬ" አለች ደንገጥ ብላ፣ "ምን ጠፋብዎት?"