ኮምቦልቻና በየተራ የመጡት የዕድገት ምክንያቶች

አንድ ድኻ አገር በምን ምክንያት ወደ ብልጽግና ይሻገራል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሊቃውንተ ምጣኔ ሀብት መንገድ፥ ወደብ፥ ኃይል፥ ዕውቀት፥ ሰላም፥ ገበያ እያሉ በተርታ ይቈጥሩልናል፤ በቈጠራቸውም ሐሰት የለበትም። ዳሩ ግን እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ በየተራቸው የጐበኟት፥ አንዱ ሲመጣ ሌላው እየሸሻት፥ በአንድነት ግን ከቶ ያልተሰበሰቡላትን ከተማ ለማየት የሚሻ ሰው ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ይውረድና ኮምቦልቻን ይመልከት።

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፥ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ በክረምት ጉም ሲወርድባት ሰው በእኩለ ቀን ጋቢውን የማይጥልባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ባለው በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተሳቢው መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፥ ረዳቱም ታኮውን ይዞ ምናልባት ፍሬን ቢከዳ ከጎማው ሥር ለመወርወር ተዘጋጅቶ ሲጠባበቅ ያየ ሰው፥ በዚህ አገር አንድ ኩንታል ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ ማድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ያለ መጽሐፍ ይረዳል።

ይህን መንገድ በዘመናዊ መልክ ያነጠፈው ወራሪው ጣሊያን ነው። ለጦሩና ለንግዱ ሲል ከአስመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ፥ ከኮምቦልቻም እስከ አሰብ ያዘረጋው ጎዳና፥ እርሱ ከተባረረ በኋላ ኮምቦልቻን የሰሜኑና የምሥራቁ መንገድ መገናኛ አድርጓት ቀረ። በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በዚያ የተተከለው፥ በየጊዜውም የቢራው፥ የቆዳው፥ የዱቄቱ፥ የቆርቆሮውና የሚስማሩ ፋብሪካ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታዋ ራሱ ሀብቷ ነበረ። ነገር ግን በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ አብዛኛውን የገቢ ዕቃችንን ይቀበል የነበረው የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ ያ ሁሉ አስፋልት በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከመታጠፍ በቀር ሌላ ፍጻሜ አጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ተስፋዎች መጡ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፥ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ በቱርኩ ኩባንያ በያፒ መርከዚ ተጀመረ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ፓርኩ ሲመረቅ ሐዲዱ አላለቀም፤ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሥራው ወደ ፍጻሜ ሲቃረብ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አልደረሰም። (የመሥሪያ ቤቶቻችን የጊዜ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጥም።) ለሎኮሞቲቭ የተዘረጋው ሐዲድ ለፍየል መሻገሪያ ሆኖ ሲታይ፥ ጥፋቱ የብረቱም የመሐንዲሱም እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ብቻውን የመጣ በጎ ነገር፥ ባልንጀራው እስኪደርስ ድረስ፥ ዕዳ እንጂ ሀብት አይባልም።

ለዚህም ሐዲዱ የተሠራበት ብድር ምስክር ነው። ባቡሩ ቢሄድም ቢቆምም ወለዱ ይቈጠራል።

የ2014ቱ የጦርነት መከራ ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። የትግራይ ኃይሎች ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሁለቱን ከተሞች በያዙባቸው ሳምንታት ፋብሪካው፥ መጋዘኑ፥ የባቡሩ ሠራተኞች ሰፈር፥ የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘረፈ፤ በዓመታት የተሰበሰበው ጥሪት በቀናት ተበተነ። ከተሞቹ በተመለሱ በወሩም፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፥ አሜሪካ አጎአ በተባለው የንግድ ሕጓ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ ዘጋች። የስፌት መኪናው ቢጠገን እንኳ፥ የሰፋውን ሱፍ የሚገዛው ደጃፉን ዘግቷል።

በ1911 ዓ.ም. ያረፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ካረፉ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ የእርስ በርስ ጦርነትና ዝርፊያ በሚመላለስበት አገር የሠራተኛው የልፋት ፍሬ ሊጠራቀም እንደማይችል አስረድተው ነበር። እኔም ከምክንያቶቹ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ሰላም ለሌሎቹ አንድ ተጨማሪ ቍጥር አይደለም፤ የዛሬው ትርፍ ለነገ እንዲቈይ፥ የነገውም በዛሬው ላይ እንዲደረብ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሰላሙ እንኳ ቢጸና ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። ከቃሉ፥ ከወረባቦ፥ ከተሁለደሬ ወደ ፓርኩ የምትመጣ ወጣት፥ አንዲት ጠባብ ክፍል ከባልንጀሮቿ ጋር ተከራይታ፥ ከደመወዟ የቤት ኪራይና የምግብ ሲቀነስ የሚተርፋትን ቈጥራ፥ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የሄደችውን የአክስቷን ልጅ ታስባለች። አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም፥ የግል ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ወለል አልተቈረጠም። ስለዚህ ልምድ ያካበተችው ሠራተኛ ትሄዳለች፤ ፋብሪካውም ሁልጊዜ ጀማሪ ሲያስተምር ይኖራል። ከዐረብ አገር የሚላከው ገንዘብ በበኩሉ የደሴንና የኮምቦልቻን ዳርቻ በብሎኬት ቤት ሞልቶታል። የቤተ ሰብን ችግር ማቃለሉን አልክድም፤ ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ ስንቱ የልብስ ስፌት መኪና፥ የዘይት መጭመቂያ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ባንክ አላጋጠመኝም።

ምርጫው የእኔ ቢሆን፥ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ አስቀድሞ ከአዋሽ ኮምቦልቻ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ኃይል እንዲገባ፥ የፓርኩም ሼዶች የውጭ ባለ ሀብት ብቻ ሲጠብቁ እንዳይውሉ ባደረግሁ ነበር። በደሴ በየሱቁ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዘው ዩኒፎርም የሚሰፉ ባለ ሙያዎች አሉ፤ ከእነርሱ አሥሩ ወይም ሃያው በማኅበር ሆነው የአንዱን ሼድ ጥቂት ካሬ ሜትር ቢከራዩ፥ መብራቱንና የጉምሩኩን አገልግሎት በአንድ ግቢ ያገኛሉ። ይህን የሚከለክል መመሪያ ካለ፥ ከሁሉ በፊት መሻሻል ያለበት እርሱ ነው።