ብረት ሲያረጅ

በዋግ ኽምራ ምዕራባዊ ክፍል፣ ምድሩ ወደ ተከዜ ሸለቆ እያዘነበለ በሚወርድበት በሰሃላ፣ ለረጅም ዘመን የመንገደኛ ተስፋ የገዛ እግሩና የአህያው ጀርባ ነበር። መኪና በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። የዚያ አገር ተወላጅ የሆነውና ዛሬ በሰቆጣ ሥዕል የሚያስተምረው መምህር የመጀመሪያውን መኪና ያየው በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ አስከፊ የረሃብ ዓመት፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ኮረም በደረሰበት ዕለት ነው። መኪናው የእርዳታ ሠራተኞች ላንድሮቨር ነበር። ከዚያ ቀን በሕፃኑ አእምሮ ጎልቶ የቀረው ሁለት ክብ መብራትና በመካከላቸው ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ ያንኑ ፊት በከሰል በቤቱ ግድግዳ ላይ ሣለው። የሥዕል ሥራው በዚያች ግድግዳ ላይ መጀመሩን ለተማሪዎቹ ሲነግር አያፍርም።

የሚያፍርበት ነገር ሌላ ነው። መምህሩ አብዝቶ የሚወደው ላንድሮቨሩን ሳይሆን የጌቶችን መኪና ነው፤ አሮጌውን ሮልስ ሮይስ፣ ካዲላኩን፣ መርሰዲሱን። አንድም ቀን የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ደብተሮቹ ግን በኮፈንና በፓራፋንጎ ሥዕል የተሞሉ ናቸው። ረሃብ የቀጠፈው ወገን ልጅ የድሎትን ዕቃ ውበት ሲያደንቅ መገኘቱ ተገቢ ነውን? ይህ ጥያቄ ከልቡ ሳይወጣ ብዙ ዓመት ቆይቷል።

ክረምት በመጣ ቁጥር መምህሩ አዲስ አበባ ወደሚኖሩት የእናቱ ወንድም ዘንድ ይሄዳል። አጎቱ ገና በልጅነታቸው ከሰሃላ ወጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በባትላሜራነት፣ ማለትም የተጨረማመተ የመኪና አካልን በመዶሻ በማቃናት ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እሑድ ከቀትር በኋላ በአንድ አሮጌ ጋራዥ ግቢ የሙያ ጓደኞቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር፣ አንድ የመኪና ቀለም ቀቢና አንድ የሞተር ሠራተኛ። ቡናው ሲቀርብ ክርክሩም ይቀርባል። ርእሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከድሮዎቹ ባለማዕረግ መኪኖች መካከል ዘመን ያከበረው የትኛውን፣ የጣለውስ የትኛውን ነው?

ቀለም ቀቢው የካዲላክ ጠበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፋብሪካው በኋላ ፓራፋንጎ ላይ ያበቀላት ትንሽ ክንፍ፣ መነሻዋ በጦርነቱ ጊዜ የታወቀው ፒ-38 የተባለ አውሮፕላን ጭራ ነበር። ክንፏ ከዓመት ዓመት አድጋ በ1959 ሞዴል ላይ እንደ ጦር ሽቅብ ቆመች። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሣቂያ ሆነች፤ ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹት ያንኑ ሞዴል ነው። «አባት የሣቀበትን የልጅ ልጅ ያደንቀዋል» ይላል ቀለም ቀቢው።

«ክንፍ ያለው ሁሉ አይበርም» ብለው ይመልሱለታል የታክሲ ሾፌሩ። የእርሳቸው ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የታየው መርሰዲስ 600 ነው። እስከ 1981 ድረስ ከሦስት ሺህ በታች ብቻ የተሠራው ይህ መኪና የየአገሩ መሪዎች መመላለሻ ሆኖ የኖረ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጌጡ የተቆጠበ፣ ቁመናው ካፖርት ለብሶ የቆመ ሹም የሚመስል ነው። ሾፌሩ ስለ እርሱ ሲናገሩ፣ «ያላረጀው ወጣት ሆኖ ስለማያውቅ ነው» ይላሉ፤ ይህ ምስጋና ይሁን ነቀፋ ግን እስከ ዛሬ አልተለየም።

የሞተር ሠራተኛው ከሁለቱም አይስማማም። ለእርሱ የሁሉ የበላይ እ.ኤ.አ. በ1955 በፓሪስ የቀረበው ሲትሮየን ዲ ኤስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 12 ሺህ ያህል ሰው ትእዛዝ ሰጥቶበታል። መልኩን ያወጣው ፍላሚኒዮ ቤርቶኒ የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርትም አውቶሞቢልን ከመካከለኛው ዘመን ታላላቅ ካቴድራሎች ጋር ያመሳሰለው ስለዚህች መኪና በጻፈው መጣጥፍ ነው። ይሁን እንጂ የሞተር ሠራተኛው የሙያውን ሐቅ አይደብቅም። ተሸካሚ ዘይቷ ባፈሰሰ ጊዜ እጁ ምን ያህል እንደተፈተነ ያስታውስና፣ «መልኳ አላረጀም፤ ያረጀው ሆዷ ነው» ይላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በክርክሩ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና እንደ ቀድሞው ትልቅ ራዲያተር ስለማያስፈልገው ፊቱ ሊደፈን ይችላል። ሆኖም አንዳንድ ፋብሪካዎች ያንን የአየር መስኮት ለመልክ ብቻ ይዘው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለገዢዎች መድረስ የጀመረው የኤሌክትሪክ ሮልስ ሮይስ እንኳ የቀድሞ አባቶቹን ፊት እንደተሸከመ ነው። ቀለም ቀቢው ይህን ውሸት ነው ይላል። መምህሩ ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አይችልም።

የሮልስ ሮይስ ፊት፣ በቋሚ አምዶችና በሦስት ማዕዘን ራስጌ የተሠራ፣ የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳያ ነው። በላዩ ላይ የቆመችው ባለልብሰ ክንፍ ሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ቻርልስ ሳይክስ የቀረጻት ናት። ታላቁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ኤርቪን ፓኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለዚሁ ራዲያተር አንድ ሙሉ ጥናት ጽፎ፣ የአንድን ሕዝብ የዘመናት የጥበብ ዝንባሌ በዚያች ትንሽ ብረት ላይ አንብቧል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር ስምንት አውቶሞቢሎችን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ለትርኢት አቅርቦ ነበር። ከእነ ቤንትሊና ሊንከን ኮንቲኔንታል ጎን የወታደሩ ጂፕ መቆሙም ሊጤን የሚገባው ነው።

«ፊቱ ውሸት ከሆነ» ይላል መምህሩ፣ «የእኛም አባቶች ዋሽተዋል ማለት ነው።» የአክሱም ሐውልቶች ድንጋይ ሆነው ሳለ የእንጨት ቤት መስኮት፣ በርና ወራጅ ተቀርጾባቸዋል። በይምርሐነ ክርስቶስ እውነተኛው እንጨትና እውነተኛው ድንጋይ ተራ በተራ ተደራርበው ይታያሉ፤ በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ግን ያው ድርድር እንዳለ ከአንድ አለት ተፈልፍሏል። ከሰቆጣ አጠገብ ባለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ፊት ለፊት የቆመ ሰው፣ ጠራቢው አለቱን እንደ ተሠራ ሕንፃ ሊያስመስለው እንደደከመ ይገነዘባል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችም ፈረስ የጎደላቸው ጋሪዎች ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሰው መኪና የዚያ ዘመን ነው። እንግዲህ አዲስ ነገር የአሮጌውን መልክ ተሸክሞ መወለዱ የሰው ልጅ የጥበብ ጠባይ ነው እንጂ ማታለል አይደለም።

አጎቱ ይህን ሁሉ በዝምታ ካዳመጡ በኋላ የሚናገሩት ስለ ብረት ብቻ ነው። ጎበጥ ያለ ላሜራ ጠንካራ ነው፤ ጠፍጣፋው ግን በትንሽ ግፊት ይሰረጉዳል፤ አንዴ ከተሰረጎደም ሞገዱን በስቱኮ መደበቅ እንጂ ማጥፋት ከባድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሮልስ ሮይስ ይሸጥ የነበረው ሻንሲውንና ሞተሩን ነበር፤ አካሉን የሚያለብሱት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው፤ ላሜራውን በእጃቸው እየቀጠቀጡ። «ስለዚህ የእነዚያን መኪኖች ዕድሜ ከመልካቸው አትፈልጉ» ይላሉ አጎቱ፤ «ከመገጣጠሚያቸው ፈልጉ።»

በ2017 ዓ.ም. የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ በተከፈተ ጊዜ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ አሮጌ አውቶሞቢሎች የተወሰኑት ለጎብኚ ቀረቡ። መምህሩ ወሬውን ሰምቶ በደስታ ወደ አጎቱ መጣ።

«አጎቴ፣ አብረን እንሂድ። ዕድሜዎን ሙሉ ያወሩላቸውን መኪኖች በዓይንዎ ይዩአቸው።»

«አንተ ሂድ፣ ልጄ። እኔ አልሄድም።»

ምክንያቱን የነገሩት በማግሥቱ ነው። በ1966 ዓ.ም. እርሳቸው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆነው በአንድ ጋራዥ መኪና ያጥቡ ነበር። አንድ ጠዋት የአንድ ባለጸጋ መርሰዲስ ፓራውርት በጨርቅ ሲያሹ፣ ከአገር የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አባታቸው ከሰሃላ ወደ ኮረም መንገድ ላይ በረሃብ መሞታቸውን አረዳቸው። ዋግ ያኔ የወሎ አውራጃ ነበር፤ የወሎም ገበሬ እህል ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ይጎርፍ የነበረበት ዓመት ነው። ልጁ ማልቀስ አልተፈቀደለትም፤ ባለመኪናው ቸኩሎ ነበር። አንጸባራቂው ብረት ላይ ያየው የገዛ ፊቱን ነው። «ያን ቀን ያየሁትን ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም» አሉ አጎቱ።

መምህሩ ስለ መኪና ዳግም ላለማንሣት ወሰነ። ሆኖም አጎቱ ከሳምንት በኋላ ማለዳ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ «በል ተነሥ» አሉት።

ያ ግቢ ተራ ግቢ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከዚሁ ግቢ ሲወሰዱ የተሳፈሩት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስዋገን ነበር። መምህሩ ይህን እያሰበ፣ ክርክሩን ሁሉ የምትፈታ መኪና ያገኘ መሰለው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ ሐኪምም መምህርም የነዳት፣ ክብነቷ ያልተሰለቸ፤ ዘመን የፈረደላት ይህች ናት ሊል ነበር። ግን ታሪኳን ያውቃል። «የሕዝብ መኪና» ተብላ በፈርዲናንድ ፖርሼ እጅ የተነደፈችው በሂትለር ትእዛዝ ነው። እንግዲህ የርካሿ መኪና ቅርጽ ከኃጢአት የነጻ፣ የውዷ ደግሞ በኃጢአት የተጨማለቀ ነው ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም።

አጎቱ ከአንዱ ትልቅ ጥቁር መኪና ፊት ቆሙ። መንካት ስላልተፈቀደ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ባትላሜራ ብረትን የሚመረምረው በላዩ ላይ በሚሄደው ብርሃን ነውና፣ ጎንበስ ብለው የመስኮቱ ነጸብራቅ በፓራፋንጎው ላይ እንዴት እንደሚፈስ ተመለከቱ። ብዙ ቆዩ። ጎብኚዎች ዞረዋቸው ያልፋሉ።

«እዚህ ጋ ተመታለች» አሉ በመጨረሻ። «ብርሃኑ ትንሽ ይሰናከላል። አንድ ሰው አቃንቷታል። ደግ እጅ ነው፤ ስቱኮ አላበዛም።»

«አጎቴ፣ ታዲያ ቆንጆ ናት?»

«ቆንጆ ናት። ይህን የሠራ እጅ አልበደለኝም።» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «ብረት አይከሰስም፤ ነጻም አይለቀቅም። እዚሁ ይቁምና ይታይ። ያየ ሰው ግን እርሷ ስትወለወል በኮረም መንገድ ማን ይሄድ እንደነበረ ይጠይቅ።»

አድናቆትን ከፍርድ ጋር ማኖር የሚቻል መሆኑን መምህሩ ከብዙ መጻሕፍት ለመማር ሞክሮ ነበር፤ ጥርት ብሎ የታየው ግን በዚያች ቅጽበት ነው። አንድ ቅርጽ በእርጅናው የሚያምረው የሠሪው እጅ ስለሚታይበት ነው። የባለቤቱ ማዕረግ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል፤ የእጁ ልክ ይቀራል። ይህ ማለት ግን ውበት ዕዳን ይከፍላል ማለት አይደለም። ዕዳው ራሱን ችሎ መነገር አለበት፤ የሚነገረውም በውበቱ ፊት ቆሞ፣ ዓይንን ሳይሰብሩ ነው።

ትምህርት ሲከፈት መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይዞ ሄደ። ያዘዛቸውም ሕንፃውን ሁሉ እንዲሥሉ ሳይሆን፣ የመሮውን ዱካ ፈልገው ያንኑ ብቻ እንዲሥሉ ነው። ማታ ማታ ደግሞ በራሱ ሰሌዳ ላይ ሠራ። በወረቀቱ ግራ የኮረሙ ላንድሮቨር አለ፤ በቀኝ ጥቁሩ የቤተ መንግሥት መኪና፤ በመካከላቸው መንገዱ። አጎቱ በስልክ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ያች የተመታች ቦታ አለች?»

«አለች፣ አጎቴ። ብርሃኑን እዚያው ላይ ሰብሬዋለሁ።»