አያቱ ያልተማሩት ዓሣ

ካሊምኖስ በኤጅያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ፣ ከቱርክ ጠረፍ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የግሪክ ደሴት ናት። ጀርመን የምትኖረው ልጄ በአንድ መስከረም ዕረፍቷን ወስዳ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የተጓዝነው በጎረቤቷ ደሴት በኮስ በኩል ነው። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ኮስ ደርሼ የሂፖክራተስን ዛፍ ሳላይ ማለፍ አልሆነልኝም። የሕክምና አባት የሚባለው ሂፖክራተስ የተወለደው እዚህ ነው፤ ተማሪዎቹንም በከተማዋ መሐል ባለው ዛፍ ሥር ያስተምር ነበር ይባላል። ሂፖክራተስ ከኖረ ወደ 2400 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛፉ ይህን ያህል ዕድሜ የለውም። ቢሆንም ሥሩ ቆሜ ፎቶ ተነሥቻለሁ። በማግስቱ ማስቲካሪ ከምትባል ትንሽ ወደብ ተሳፍረን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካሊምኖስ ገባን።

ደሴቷ ከሩቅ ስትታይ ደረቅና ግራጫ ድንጋይ ናት። ዋና ከተማዋ ፖቲያ ግን በወደቡ ዙሪያ ሽቅብ የተደረደሩ ቤቶች ያደመቋት ናት። ወደቡ ዳር ኢጣሊያኖች የሠሯቸው ሕንፃዎች አሉ። ከ1912 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እነዚህን ደሴቶች ይዘው ነበር፤ ከግሪክ ጋር የተቀላቀሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጎንደርን ወይም አስመራን ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም።

የካሊምኖስ ሰው ለብዙ ዘመን የኖረው ከባሕር ወለል ሰፍነግ እየለቀመ ነው። በጥንት ጊዜ ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ፣ ድንጋይ አቅፎ ይወርድ ነበር። በ1860ዎቹ አየር በቱቦ የሚላክለት፣ የብረት ቁር ያለው የመጥለቂያ ልብስ ወደ አካባቢው ገባ። ጠላቂው በጥልቀት ረዥም ጊዜ መቆየት ቻለ፤ ሲወጣ ቀስ እያለ መውጣት እንዳለበት ግን የነገረው አልነበረም። በጥልቀት ደም ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን፣ ሰውየው ፈጥኖ ሲወጣ አረፋ ሆኖ ሕብለ ሰረሰርን ይጎዳል። ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ካሊምኖሶች ሚሐኒኮስ የሚሉት ጭፈራ አላቸው፤ መሪው ከዘራ ይዞ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ሽባ የሆነውን ጠላቂ መስሎ ይጨፍራል። እኔ ብዙ ታማሚ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ጭፈራ ግን ቁጭ ብዬ ማየት ከበደኝ።

ዛሬ ባሕሩ ለአብዛኛው ሰው መተዳደሪያ መሆኑ ቀርቶ መዝናኛ ሆኗል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የወደቡ ግንብ ላይ አባትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ዘንግ የያዘው ጥቂት ነው። ሌላው በቡሽ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክር ይዟል፤ ጫፉ ላይ እርሳስ፣ ከእርሳሱ በላይ ሁለት ወይም ሦስት መንጠቆ። ክሩን በአመልካች ጣታቸው ላይ አሳልፈው ይይዙታል፤ ዓሣው ሲነካካው በጣት ይሰማል። የልብ ትርታ እንደ መዳሰስ ያለ ነገር ነውና እኔ ቶሎ ለመድኩት። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ሽሪምፕ ወይም ዳቦና አይብ ተለውሶ የተሠራ ሊጥ ነው። የሚያዘውም ያው ትንንሽ ዓሣ ነው፤ ጎፓ፣ ፔርካ፣ አንዳንዴም ጅራቱ ሥር ጥቁር ምልክት ያለው ሳርጎስ። በሐምሌና በነሐሴ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ያን ጊዜ ሰው ቫቲ ወደሚባለው፣ በተራሮች መሐል እንደ ወንዝ ወደ ገባ ጠባብ ወሽመጥ ይሄዳል፤ ከበስተኋላው የመንደሪን እርሻ አለ። ልጆች ካሏችሁና አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ እዚያ ሂዱ እላለሁ።

ኦክቶፐስም ይይዛሉ፤ ደጋግመው ከድንጋይ ጋር ያላጉትና እንደ ልብስ ገመድ ላይ ያሰጡታል። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ይጾማሉ፤ ደም የለውም ብለው ግን በጾም ይበሉታል። እኔ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አትብሉ ተብዬ ያደግሁ ነኝና በትሕትና እምቢ አልኩ።

ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው የያዘውን መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በሌሊት ወይም በአየር ጋን እየተነፈሱ ዓሣ በጦር መውጋትም አይፈቀድም። ስለማይሸጥ የተረፈው ለጎረቤት ይታደላል። በየማታው በሳህን የተሸፈነ ዓሣ ከደጅ ወደ ደጅ ሲሄድ አይቼ የእኛው ሰፈር ትዝ አለኝ። ነገር ግን በገበያ የሚሸጠውን ዓሣ ተቆጣጣሪ ያየዋል፤ በጎረቤት ሳህን የመጣውን ከሰጪው በቀር ያየው የለም። ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ዘመናቸውን በጭነት መርከብ ላይ የሠሩ አዛውንት ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ በመጀመሪያ ያነሡልኝ የአሰብን ሙቀት ነው። በየማታው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ልጁ በትምህርት ቤት በለመደው እንግሊዝኛ ያስተረጉመናል፤ ሲሰለቸው ግን ግማሹን ይውጠዋል።

አያትየው ለልጁ መጀመሪያ ያስተማሩት ማጥመድን አይደለም፤ የማይነካውን ነው። ድራኬና የሚባል ዓሣ አለ፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ጀርባው ላይ ባለው ጥቁር ክንፍና በስንጥቡ ክዳን ላይ መርዛም እሾህ አለው። ስኮርፒና የሚባለው ደግሞ ድንጋይ መስሎ ድንጋይ ላይ ይተኛል፤ እሾሁ መርዛም ነው፤ ሥጋው ግን ይበላል፣ ሾርባውም ይመሰገናል። አዛውንቱ ሁለቱንም በጨርቅ ይዘው፣ መንጠቆውን በፒንሳ ነቅለው፣ እሾሁን በመቀስ ቆርጠው ነው ባልዲ ውስጥ የሚከቱት። ይህን ከአባታቸው ተምረዋል፤ አባታቸውም ከአባታቸው።

በሦስተኛው ማታ የአዛውንቱ ክር ድንገት ቀለለ። ሲስቡት ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኖ ወጣ፤ መንጠቆም እርሳስም የለም። ሌላ አሰሩ፤ እርሱም ተቆረጠ። «ላጎኬፋሎስ» አሉና ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ትርጉሙ ጥንቸል ራስ ማለት ነው። ልጁ ቀበል አድርጎ አስረዳኝ፤ ጀርባው ነጠብጣብ፣ ጎኑ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ መስመር ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ሲቆጣ እንደ ኳስ የሚነፋ፣ አራት ጥርሱ እንደ በቀቀን አፍ የሆነ ዓሣ ነው። ጣትም ይቆርጣል። አያትየው ከባሕር ሥራ ተመልሰው ይህን ዓሣ መጀመሪያ ሲይዙት ሲሳይ መስሏቸው ነበር። ትልቅ ነው፣ ሥጋው ነጭ ነው። ቤት ወስደው ሊያጸዱት ሲሉ ሴት ልጃቸው ጮኻ አስጣለቻቸው። ይህን ሲናገሩ አልሳቁም። ስድሳ ዓመት ያጠመዱበት ባሕር ውስጥ አባታቸው ያላሳዩዋቸው ዓሣ ነበር።

አባትየው ሊያሳዩዋቸው አይችሉም ነበር። ዓሣው በእነርሱ ዘመን እዚያ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ የቀይ ባሕር ፍጥረታት በቦዩ እያለፉ፣ ባሕሩም እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሰሜን እየገፉ ነው። ላጎኬፋሎስ በሜዲትራኒያን መጀመሪያ የተመዘገበው በ2003፣ ከኮስ ፊት ለፊት ባለው የቱርክ ጎኮቫ ባሕረ ሰላጤ ነው። ቱርክና ቆጵሮስ ይህን ዓሣ ለሚያስወግዱ አጥማጆች ገንዘብ እስከመክፈል ደርሰዋል። አብረውት የመጡ ሌሎችም አሉ። አንበሳ ዓሣ የሚሉት ባለ ጋማ ውብ ዓሣ እሾሁ መርዛም ነው። ገርማኖስ የሚሉትም እንዲሁ ይዋጋል፤ ስሙ «ጀርመናዊ» ማለት መሆኑ ልጄን አስቋታል። የእነዚህ ሁለቱ ሥጋ ይበላል፤ የላጎኬፋሎስ ግን በምንም መንገድ አይበላም።

መርዙ ቴትሮዶቶክሲን ይባላል። ጉበቱና እንቁላሉ ውስጥ ይበዛል፤ በቆዳውና በሥጋውም ይገኛል። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። የበላው ሰው አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከንፈሩና ምላሱ ይደነዝዛል፤ ያስመልሰዋል፤ እጅና እግሩ ይዝላል። ሲብስ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይቆማሉ። የሚከፋው፣ ሰውየው መናገር እያቃተው ዙሪያውን መስማቱ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው መርዙ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ በመሣሪያ ማስተንፈስ ነው፤ በጊዜ የደረሰ ይድናል። በእስራኤል ከ2005 እስከ 2008 በዚህ ዓሣ ተመርዘው በሕክምና መጽሔት የተመዘገቡት 13 ሰዎች ሁሉም አገግመዋል።

ይህን ሁሉ ለምን እዚህ ጻፍሽው ትሉኝ ይሆናል። እኛ ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ ስንበላ የምንፈራው እሾሁ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር ብቻ ነው። ነገር ግን ዛሬ ልጆቻችን በቤይሩት፣ በሃይፋ፣ በሊማሶል፣ በአቴንስ ይኖራሉ፤ ዓሣው ደግሞ በዚያው ጠረፍ አለ። አሠሪ ወይም ጎረቤት ከባሕር ያመጣውን ዓሣ ይሰጣቸዋል። ስትደውሉላቸው ይህን ንገሯቸው፤ ራሱና ቆዳው ተነሥቶ፣ ሥጋው ብቻ የመጣን፣ ከባሕር የተጠመደ ዓሣ ስሙን ሳይጠይቁ አይብሉ። ሲበሉ ከንፈራቸው ከደነዘዘ እስኪያልፍ ብለው አይተኙ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ በአውሮፓ 112 ይደውሉ፤ የዓሣው ፎቶ ካለ ለሐኪሙ ያሳዩ። ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለው የአያቶቻችን ሕግ ከላጎኬፋሎስ ያድን ነበር። ድራኬና ግን ቅርፊት አለው፤ እርሱ የሚጎዳው በመርገጥ ነው።

እሾህ ለወጋው ልጅ የሚደረገው ቀላል ነው። አዛውንቱ አሞኒያ ይቀባ አሉኝ፤ እኔ አልተስማማሁም። የነዚህ እሾሆች መርዝ ሙቀት አይወድም። የሚታየውን ስባሪ በወረንጦ ካነሡ በኋላ፣ እጁን ወይም እግሩን ሊችለው በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ማስቀመጥ ሥቃዩን ያስታግሳል። ውኃው ከ45 ዲግሪ አይበልጥ፤ የተወጋ ልጅ የሙቀቱን ልክ ላያውቅ ስለሚችል አዋቂ በራሱ እጅ ይለካው። መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጠበቅ አድርጎ ማሰር አያስፈልግም። የቴታነስ ክትባት ይታሰብ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ልጁ ይህን ለአያቱ ሁለት ጊዜ ተረጎመላቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እንዲደግምለት የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

አሁን ሥራው ተከፋፍሏል። አያትየው ክር ያስራሉ፣ ነፋሱን ያያሉ፣ የት እንደሚቀመጡ ይመርጣሉ። ከመሄዳቸው በፊት ልጁ ባልዲውን አጎንብሶ እያንዳንዱን ዓሣ በስሙ ይጠራል፤ ስሙን የማያውቀው ድስት አይገባም። በመጨረሻው ማታ የያዙትን በሽንኩርት፣ በድንችና በወይራ ዘይት ቀቅለው ሎሚ ጨመቁበት፤ ካካቪያ ይሉታል። ስኮርፒናው ከነራሱ ለእኔ ለእንግዳዋ ተሰጠ፤ ጣፋጩ ጉንጩ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው። ልጄ ግን እሾሁ የነበረበትን ጀርባ እያየች ዳቦዋን በሾርባው እያጠቀሰች ብቻ በላች።