የአያቴ ማሳና የመንዝ ጓሳ

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፋብሪካውንና የጭነት መኪናውን ነው። ሆኖም ወደ አቃቂ ወንዝ ወረድ ላለ ሰው መረሬው አፈር ዛሬም ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። አያቴም በዚያ አንድ ማሳ አላቸው፤ በዳርቻው ሰባት የወይራ ዛፎች ቆመዋል። ባለፈው ዓመት ከጎኑ ያለው መሬት ለመጋዘን ተከለለ። ከዚያ ወዲህ አያቴ «እኔ ካለፍሁ በኋላ ማሳው ማሳ፣ ወይራውም ወይራ ሆኖ እንዲቀር የሚያስገድድ ወረቀት የለምን?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ተማሪ ሁሉን ያውቃል ብለው መሆኑ ነው።

እኔም መጻሕፍት አገላበጥሁ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ወረቀት አለ። ገበሬው መሬቱን ሳይለቅ፣ ቤትና ፋብሪካ የመሥራት መብቱን ብቻ መሬት ለሚጠብቅ ማኅበር ወይም ለመንግሥት በውል ይሰጣል፤ ወይም ይሸጣል። እርሻውን እንደ ወትሮው ያርሳል። ውሉ ከመሬቱ ጋር ስለሚሄድ ወራሹንም ገዢውንም ያስራል፤ ማኅበሩም በየጊዜው እየመጣ ይመለከታል።

አያቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ነገር ግን በእኛ አገር አይሆንም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ሀብት መሆኑ ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥም ደንግጓል። አያቴ ያላቸው የመጠቀም መብት ነው፤ የሌላቸውን መብት በውል ሊሰጡ አይችሉም።

ኋላ ስለ መንዝ ጓሳ አነበብሁ፤ ከአሜሪካው ይልቅ ልቤን የሳበው ይህ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ውርጫማ ደጋ ሲሆን፣ ስሙም ለቤት ክዳን ከሚሆነው ሣር የመጣ ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተወስኖ ይከፈትና ባለርስቱ ሁሉ ያጭዳል። የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ይሁንና ኅብረተሰቡ ኋላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ፤ የአማራ ክልልም በሕግ አወቀለት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። እንግዲህ ጓሳ የቆየው አንድ ቤተ ሰብ ወረቀት ስለ ያዘ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ስለ ተስማማ ነው።

አያቴ ይህን ሰምተው «የእኛስ ጎረቤት ማን ቀረ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጋዘን ደንብ አያወጣም። ብቆጥር በወንዙ ዳር ማሳ የቀራቸው አምስት ቤተ ሰቦች ናቸው። ከእነርሱም አንደኛው፣ መሬቱ ከተወሰደ ካሳውን ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ልጆቹን ሊያስተምርበት ነውና አልፈርድበትም። አራቱ ግን ከመስቀል በኋላ በእኛ ቤት ሊሰበሰቡ ተስማምተዋል። የወንዙ ዳር ከነወይራው ሳይታጠር እንዲቆይ ለወረዳው ያመለክታሉ፤ ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝ።