ሳናይ የገዛነው ጅልባብ



ባለፈው የዒድ ሰሞን ደሴ ባለው ቤታችን ስለ አንድ ጅልባብ ሳምንት ሙሉ ተነጋግረናል። ታናሽ እህታችን በቴሌግራም አይታ የወደደችው ነው፤ ሱቁ መርካቶ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ዕቃውን በሞተር ሳይክል ደጁ ድረስ ያመጡለታል፤ ከፍቶ አይቶ ከወደደው ይከፍላል፣ ካልወደደው ይመልሳል። ለእኛ የተጻፈው ግን «ለክልል ክፍያ በቅድሚያ» የሚል ነበር። ከፈልን። ጅልባቡ በአውቶቡስ ሲደርስ ቀለሙም ጨርቁም ሌላ ሆነ። ስንደውል «መልሱት፣ የመላኪያው ሒሳብ ግን ከእናንተ ነው» አሉን። (በሱቁ ስም ላይ «ሐላል» የሚል ቃል መኖሩን ሳናነሳ አናልፍም።)

እናታችን «ሳታዩት እንዴት ገዛችሁት?» አሉ። ጥያቄያቸው የፊቅህ ጥያቄ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለተምር ከዓመትና ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። አልከለከሏቸውም፤ መጠኑ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን ግን አዘዙ። ዑለማዎች ሰለም የሚሉት ይህንን ሽያጭ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ገንዘብ አስቀድሞ መቀበሉ ሳይሆን ፎቶ ብቻ አሳይቶ የጨርቁን ዓይነት፣ ልኩንና የሚደርስበትን ቀን አለመናገሩ፣ የተባለውንም አለመላኩ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ መክፈሉ ለደሴም ለአዲስ አበባም አንድ ሆኗል። ያልተስተካከለው ማድረሱ ነው። በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚመጣው በሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ደጃፍ አይደለም፤ አድራሾቹም ደንበኛ በሚበዛበት ከተማ ይሰበሰባሉ። 400 ኪሎ ሜትር ርቀን ላለነው ፖስተኛችን የአውቶቡስ ረዳት ነው።

እህታችን ራሷም የልጆች ልብስ በስልክ መሸጥ ጀምራ ነበር። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራዋ ቆመ፤ ደንበኞቿም ወደ አዲስ አበባ ሱቆች ዞሩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከእነሱ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከጅልባቡ በኋላ ግን አንድ ነገር ለውጣለች፤ በእያንዳንዱ ልብስ ሥር ጨርቁን፣ ርዝመቱን በሳንቲ ሜትር፣ አውቶቡሱ የሚነሳበትን ቀን ትጽፋለች። የወልዲያና የከሚሴ ገዢዎች መናኸሪያ ላይ ከፍተው አይተው ይከፍላሉ። ሁለት ጊዜ ልብሱም ገንዘቡም ሳይመለስ ቀርቶባታል፤ እስካሁን አልተወችውም።

ጅልባቡን እናታችን ወሰዱት። ቀለሙ ለእሳቸው ሄዷል፤ እጅጌው ብቻ ረዝሞባቸዋል።