የምድር ባቡር ሠራተኛና ቤተሰቡ

በሕንድ አገር፥ በሙምባይ ከተማ፥ የቻትራፓቲ ሺቫጂ ታላቅ የባቡር ጣቢያ ይገኛል። በ1853 በአውሮፓ አቆጣጠር የአገሩ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር እስከ ታኔ 34 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ከዚሁ ሰፈር ተነሥቶ ነው። ከጉልላቱ በታች ቆሞ የሚጎርፈውን ሕዝብ የሚመለከት እንግዳ፥ ከመካከሉ ስንት የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ እንዳለበት አያስተውልም።

የሕንድ ምድር ባቡር ሠራተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከትውልድ ስፍራቸው ርቀው ይኖራሉ፤ ሌላው ሰው በበዓል ቀን ወደ ዘመዱ ሲሄድ እነርሱ ሐዲድ ይጠብቃሉ። መሥሪያ ቤቱም ነጻ የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጣቸዋል። አብዛኛው ሠራተኛ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ፥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ያለ ዋጋ ይሳፈራል። ከዚህም በቀር አራት ጊዜ የዋጋውን ሢሶ ብቻ ከፍሎ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ግን፥ ብዙ ዘመን ያገለገለ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣም ነጻ ወረቀቱ ፈጽሞ አለመቋረጡ ነው። እርሱ ቢሞት እንኳ፥ በጡረታ ዘመኑ ይደርሰው ከነበረው እኩሌታውን ሚስቱ ታገኛለች። ስለዚህ ባሏን የቀበረች እናት ወረቀቷን ይዛ ሩቅ ያለች ልጅዋን ልትጠይቅ ስትሳፈር፥ ምጽዋት እንደ ተቀበለች አታፍርም፤ የባልዋ የሌሊት ድካም ዋጋ ነውና።

አንባቢ ሆይ፥ ደመወዝ የወሩን ሥራ ይከፍላል፤ ከቤተሰብ ተለይቶ የኖሩበትን ቀን ግን በጥቂቱም ቢሆን የሚክሰው እንዲህ ያለው መንገድ ነው።